ከደጅ ጥናት ወደ ይግባኝ
(ቬርኒየ ላይ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የተነገረ)



ዛሬ እዚህ ቬርኒየ የተሰበሰብነው ከጄኔቭ፥ ከዙሪክና ከሌሎችም ከተሞች የመጣን ተማሪዎችና ገና ተማሪ ለመሆን በር የምናንኳኳ ነን። እንድንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም፥ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አመልክቶ «አልተቀበልንህም» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ኢትዮጵያዊ ምን ማድረግ ይችላል? ምንስ ማድረግ ይገባዋል? የሚለው ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት፥ «በኛ አቈጣጠር» ካላልን በቀር፥ ሁሉም በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ትንሽ አይደለም። ለዚህ አገር ልጅ የእንቢታ ደብዳቤ ማለት የአንድ ዓመት መዘግየት ነው። ለእኛ ግን ከዚያ ያለፈ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያመለክተው ወንድማችን የዩኒቨርሲቲው መልስ ከሌለ ለትምህርት የሚሰጠው ቪዛ የለም። እዚሁ በስደተኛ ወረቀት ለምትኖረው እኅታችን ደግሞ ይኸው ደብዳቤ የተማረችው ሁሉ እንደ ትምህርት የሚቈጠርላት ወይም እንዳልተማረች ተቈጥራ እንደገና ከዜሮ የምትጀምር መሆኑን የሚወስን ነው። ስለዚህ ስለዚህ ደብዳቤ ማወቅ የግል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የማኅበራችን ጉዳይ ነው እንላለን።

እንግዲህ በመጀመሪያ ከራሳችን አስተሳሰብ እንነሣ። «ንጉሥ አይከሰስ፥ ሰማይ አይታረስ» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ደብዳቤው ማኅተም ካለበት፥ አርማው ካማረ፥ የፈረመውም ባለማዕርግ ከሆነ፥ የመጨረሻ ፍርድ ይመስለናል። ከዚያ በኋላ የምናደርገው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ «አልተጻፈልኝም» ብለን ወረቀቱን አጥፈን እናስቀምጣለን፤ ወይም አማላጅ ፍለጋ እንወጣለን። አማላጅ ያጣው ደግሞ ለጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ረጅም የልመና ደብዳቤ ይጽፋል። ችግሩን ይዘረዝራል፥ የቤተ ሰቡን ድካም ይተርካል፥ «ይራሩልኝ» ይላል። ጸሐፊዋም በትሕትና «ስላጋጠመዎት ሁኔታ እናዝናለን» ብላ ትመልሳለች። በዚህ በመጻጻፍ መካከል ሠላሳ ቀን ያልፋል። ሠላሳው ቀን ሲያልፍ ሳያውቀው መብቱ አብሮ ያልፋል። ያገራችን ደጅ ጥናት እዚህ አገር የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

ነገር ግን ያገራችን ልማድ ደጅ ጥናት ብቻ አይደለም። «በሕግ አምላክ!» ሲባል መንገደኛው ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረውም በዚያው አገር ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብሎ የተረተውም ያው ሕዝብ ነው። የዚህ ተረት ትርጕም ለዛሬው ጉዳያችን ሙሉ ለሙሉ ይስማማል። የተነፈግነው ነገር ብዛቱ ወይም ማነሱ ሳይሆን በሕግ መነፈጉ ወይም ያለሕግ መነፈጉ ነው ዋናው ጥያቄ። እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡት ተማሪዎችም ለገበሬው ምጽዋት አልለመኑም፤ መብቱን ጠየቁ እንጂ። በልመናና በመብት መካከል ያለውን ልዩነት ከነሱ የወረስን ልጆች፥ በራሳችን ጉዳይ ላይ ወደ ልመና መመለስ አይገባንም።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። በስዊስ አገር ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት አካል ነው። ስለዚህ የእንቢታው ደብዳቤ የአስተዳደር ውሳኔ ነው፤ ፈረንሳይኛው «ዴሲዥዮን»፥ ጀርመንኛው «ፈርፊውጉንግ» ይለዋል። እ.ኤ.አ. ከ2000 መግቢያ ጀምሮ የጸናው የፌዴራል ሕገ መንግሥት በ8ኛው አንቀጽ እኩልነትን፥ በ9ኛው ከዘፈቀደ ውሳኔ መጠበቅን፥ በ29ኛው ደግሞ የመደመጥን መብት ያውጃል። ከመደመጥ መብት ውስጥም ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛው ውሳኔው ምክንያቱን መናገር አለበት፤ ሁለተኛው ባለጉዳዩ መዝገቡን ለማየት ይችላል። እነዚህ መብቶች ለዜጋ ብቻ የተሰጡ አይደሉም። የውጭ አገር ሰው ነህና ምክንያት አይገባህም ሊለን የሚችል ጽሕፈት ቤት የለም።

ደብዳቤውን ስታገኙ መጀመሪያ የምትፈልጉት በግርጌው ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ነው። ፈረንሳይኛው «ቯ ዴ ረኩር»፥ ጀርመንኛው «ሬሽትስሚተልበሌሩንግ» ይላታል። የት፥ በስንት ቀን፥ በምን ዓይነት ይግባኝ እንደሚባል የምትናገረው እርስዋ ናት። ብዙዎቻችን ግን ሳናነባት የምናልፈው እርስዋን ነው። ይህች ጽሑፍ የሌለችበት እንቢታ በኢሜል ከደረሳችሁ፥ ይግባኝ የሚባልበት መደበኛ ውሳኔ እንዲሰጣችሁ በጽሑፍ ወዲያው ጠይቁ።

መንገዱ እንደየቦታው ይለያያል። በጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ተቃውሞ የሚቀርበው ውሳኔውን ለሰጠው ለራሱ ክፍል ነው፤ ጊዜውም 30 ቀን ነው። በተቃውሞው ላይ የተሰጠው መልስ ካላረካን፥ እንደገና በ30 ቀን ውስጥ ወደ ጄኔቭ ፍርድ ቤት የአስተዳደር ችሎት መሄድ ይቻላል። ዙሪክ ላይ ሁለት ዓይነት በር ስላለ መሳሳት ይመጣል። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የካንቶኑ ነው፤ ይግባኙም ለዙሪክ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የይግባኝ ኮሚሽን፥ ቀጥሎም ለካንቶኑ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። ከጐኑ ያለው ፖሊቴክኒክ፥ ኤቴሃ የምንለው፥ ግን የፌዴራል መንግሥት ነው፤ የራሱ የይግባኝ ኮሚሽን አለው፥ ከዚያ በላይ ያለውም ሳንክት ጋለን የሚገኘው የፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱ ሕንፃዎች ጎን ለጎን ቢቆሙም የሁለቱ ዳኞች ለየቅል ናቸው። ሎዛን የተቀመጠው ከፍተኛው የፌዴራል ፍርድ ቤት ደግሞ በችሎታ ምዘና ላይ ለሚነሣ ክርክር መደበኛውን በር ስለዘጋ፥ «እስከ ላይ እወጣለሁ» ብሎ መዛት ብዙ አይጠቅምም። ሥራው መሠራት ያለበት ከታች ነው።

ስለ ሠላሳው ቀን ጥቂት እንጨምር፤ ሰዎቻችን የሚወድቁት በዚህ ላይ ነውና። ቀኑ መቈጠር የሚጀምረው ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ነው። የአደራ ደብዳቤ ከሆነና ፖስተኛው ቢጫውን ወረቀት ጥሎላችሁ ሄዶ ካልወሰዳችሁት፥ በሰባተኛው ቀን እንደደረሳችሁ ይቈጠራል። «አልተቀበልኩም» ማለት አያድንም። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፥ እሑድ ወይም በዓል ላይ ቢውል ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ያልፋል። በአንዳንዱ ሥርዓት በትንሣኤ፥ በበጋና በገና ሰሞን ቀኑ የሚታገድበት ጊዜ አለ፤ በሌላው የለም። ስለዚህ ማንም ሰው በዚህ አይመካ። ጽሑፉ የሚላከው በፊርማ፥ በአደራ ፖስታ ነው፤ ተራ ኢሜል አይበቃም። አገር ቤት ያለው አመልካች በተለይ ይህን ይወቅ፦ ጽሑፉን በመጨረሻው ቀን ለኢትዮጵያ ፖስታ ቤት መስጠት ቀኑን አያድንለትም፤ አዲስ አበባ ለሚገኘው የስዊስ ኤምባሲ ቢያስረክብ ግን በጊዜው እንዳቀረበ ይቈጠርለታል።

ቀጥሎ፥ በምን ምክንያት ነው ይግባኝ የሚባለው? እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ይገባል። የይግባኝ ዳኛ በመምህሩ ወንበር ተቀምጦ ችሎታችንን እንደገና አይመዝንም። ዩኒቨርሲቲው ሰፊ የመምረጥ ሥልጣን እንዳለው ያከብራል። ዳኛው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤቱ የራሱን ደንብ ማክበሩን፥ ፍሬ ነገሩን በትክክል መያዙን፥ ምክንያቱን መግለጹን፥ ተመሳሳይ ሰዎችን በተመሳሳይ ሁኔታ ማየቱን ነው። ስለዚህ ደንቡ የጠየቀውን ቋንቋ የማያውቅ፥ ማመልከቻው ከቀኑ ያለፈበት፥ ወይም የማስተርስ ትምህርቱ የሚጠይቀውን መሠረታዊ ኮርስ ያልወሰደ ሰው በይግባኝ ገንዘቡንና ልቡን ባያደክም ይሻላል። ሕክምና ለመማር ከውጭ የሚመጣም ሰው በሩ ለጥቂት ወገኖች ብቻ እንደተከፈተ አስቀድሞ ይወቅ።

ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚመለከት የፍሬ ነገር ስሕተት ግን አለ፤ እርሱም የሚመነጨው ከዘመን አቈጣጠራችንና ከስማችን ነው። የአቈጣጠራችን ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መሆኑን እኛ ከልጅነታችን እናውቃለን፤ እዚህ ደብዳቤ የሚመረምረው ሰው ግን ላያውቅ ይችላል። አንዲት እኅታችንን እንውሰድ። የተወለደችው በ1995 እንደሆነ ፓስፖርትዋ ይናገራል። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰችበት ማስረጃ ግን በኛ አቈጣጠር 2005 ይላል፤ ይህም በአውሮፓ 2013 ነው። መርማሪው 2005ን እንዳለ ወስዶ በዐሥር ዓመትዋ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰች አድርጎ ቈጠራት፤ ማስረጃዋንም ተጠራጠረ። በስም በኩልም እንዲሁ ነው። እኛ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለንም። አንዱ ወረቀት ሁለት ስም፥ ሌላው ሦስት ይይዛል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም «ፀሐይ» የሚለው ስም ብቻ በአራት ዓይነት ይወጣል። ለእንግዳው መርማሪ እነዚህ አራት ሴቶች ናቸው።

እንዲህ ላለው ስሕተት የረጅም ክርክር አያስፈልግም። አንድ ገጽ ጽሑፍ፥ የሁለቱን አቈጣጠር የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ፥ ማስረጃውን ከሰጠው ትምህርት ቤት ወይም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የተገኘ ማረጋገጫ ይበቃል። እኅታችን ያደረገችው ይኸን ነው፤ በተቃውሞው ደረጃ ላይ ጉዳዩ ተስተካከለላት። ማንንም አልለመነችም፤ አስረዳች እንጂ።

ሌላው ከባድ ጉዳይ ማስረጃውን ጨርሶ ማቅረብ የማይችለው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በትግራይ የተጀመረው ጦርነት በፕሪቶሪያው ስምምነት በኅዳር 2022 እስኪቆም ድረስ የመቐለ፥ የአክሱምና የአዲግራት ተማሪዎች ትምህርት ተቋርጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲሻገር የወልዲያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ከዚህ ሁሉ ያመለጠውን ልጅ «ዋናውን ማስረጃ በታሸገ ፖስታ ከዩኒቨርሲቲህ አስልክ» ማለት፥ ከተቃጠለ ቤት ቁልፍ አምጣ እንደማለት ነው። ጥሎት የሸሸውን መንግሥት ወረቀት ለምኖ እንዲያመጣ የተጠየቀ ስደተኛም እንደዚሁ ነው።

ለእነዚህ ወገኖች ሕጉ ዝም አላለም። እዚሁ ጄኔቭ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 1951 የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት በ22ኛው አንቀጹ የውጭ የትምህርት ማስረጃን ስለመቀበል ለስደተኛ የሚደረገው አያያዝ ለሌላ የውጭ አገር ሰው ከሚደረገው እንዳያንስ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሊዝበን ላይ የተፈረመውና ስዊስም የገባችበት የዲፕሎማ ዕውቅና ስምምነት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይናገራል። መስፈርቱ አልተሟላም የሚል ክፍል አለመሟላቱን የማስረዳት ኀላፊነቱ የራሱ ነው ይላል። ዕውቅና ሲከለከል ምክንያቱ እንዲነገርና ይግባኝ እንዲፈቀድ ያዛል። በሰባተኛው ክፍሉም ስደተኛ ወረቀት ማቅረብ ባይችል እንኳ ችሎታው በሌላ መንገድ የሚመረመርበትን ዘዴ አገሮች እንዲያበጁ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል ስላልሆነች ሁሉም አንቀጽ ለሁላችንም እኩል ይሠራል ለማለት አይቻልም። ነገር ግን በተቃውሞ ጽሑፋችን ውስጥ እነዚህን አንቀጾች መጥቀስ «ይራሩልኝ» ከማለት እጅግ ይሻላል። የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ «ኦሪዞን አካዴሚክ» በሚል ስም ስደተኞችን ለከፍተኛ ትምህርት የሚያዘጋጅ መርሐ ግብር ስላቋቋመ፥ ይግባኙ በሚታይበት ጊዜ በዚህ በኩልም መሞከር ይገባል።

ስለ አጻጻፉ ባጭሩ እንናገር። ጽሑፉ በጄኔቭ በፈረንሳይኛ፥ በዙሪክ በጀርመንኛ ይሁን። በመጀመሪያ የምትቃወሙትን ውሳኔ ከነቀኑ ጥቀሱ፤ ቀጥሎ ምን እንዲደረግ እንደምትጠይቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስታውቁ፤ ከዚያ ፍሬ ነገሩን በቁጥር በቁጥር ዘርዝሩ፥ ለያንዳንዱም ማስረጃውን አያይዙ። እንቢታን መቃወም ብቻውን ክፍል ውስጥ አያስቀምጥም። ትምህርቱ በመስከረም አጋማሽ ስለሚጀምር፥ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ በጊዜያዊ ትእዛዝ ለመመዝገብ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፍርድ ቤት ወይም ኮሚሽን የቅድሚያ ክፍያ ሲጠይቅ በተባለው ቀን ካልተከፈለ ጉዳዩ ሳይታይ ይዘጋል። ገንዘብ የሌለው ሰው ግን፥ ክርክሩ ተስፋ ያለው ከሆነ፥ በዚያው በ29ኛው አንቀጽ መሠረት ከክፍያ ነፃ እንዲደረግ ይጠይቅ።

ወንድሞችና እኅቶች፤

ሁለት ታሪክ እናስታውስ፤ ሁለቱም ከዙሪክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1895 የዐሥራ ስድስት ዓመቱ አልበርት አይንስታይን ለፖሊቴክኒኩ መግቢያ ተፈትኖ ወደቀ። በሒሳብና በፊዚክስ በርትቶ ሳለ በሌሎቹ ትምህርቶች አልተሳካለትም። ኃላፊው አራው ሄዶ ሁለተኛ ደረጃውን እንዲጨርስ መከረው፤ በ1896 የአራውን ማስረጃ ይዞ ያለ ፈተና ገባ። ከዚህ የምንማረው እንቢታ ሁሉ በደል እንዳልሆነ፥ አንዳንዱም በሌላ መንገድ ዙረህ ና ማለት እንደሆነ ነው። ይግባኝ የማያዋጣው ወንድማችን ዓመቱን በቁጭት ከሚፈጀው፥ ቋንቋውን ቢያሟላና ማሟያ ፈተና ቢቀመጥ የአራው መንገድ ይህ ነው።

ሁለተኛዋ ኤሚሊ ኬምፒን ስፒሪ ናት። በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶክተር ሆነች። ነገር ግን ሴት ስለሆነች ፍርድ ቤት ቆማ እንድትከራከር አልተፈቀደላትም። «ስዊሶች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው» የሚለውን አንቀጽ ይዛ ለፌዴራሉ ፍርድ ቤት ይግባኝ አለች። ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ይህ አተረጓጐም አዲስም ደፋርም ነው ብሎ ጣለባት። ለራስዋ አልሆነላትም፤ እ.ኤ.አ. በ1901 በመከራ ሞተች። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1898 የዙሪክ ካንቶን ሴቶች ጠበቃ እንዲሆኑ በሕግ ፈቀደ። የተሸነፈ ይግባኝ እንኳ በመዝገብ ከተቀመጠ ለሚቀጥለው ሰው መረማመጃ ይሆናል። ታጥፎ በሣጥን የተቀመጠ የእንቢታ ደብዳቤ ግን ለማንም አይሆንም።

ከዚህ ተነሥተን ለዚህ ስብሰባ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ የደረሰን እንቢታ፥ ያቀረብነው ተቃውሞና ያገኘነው መልስ ሁሉ የባለቤቱ ስም ተሰርዞ በማኅበሩ እጅ በአንድ መዝገብ ይሰብሰብ። እኩል አልታየንም ለማለት አስቀድሞ ሌላው እንዴት እንደታየ ማወቅ ያስፈልጋልና። ሁለተኛ፥ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ሁለት፥ ጀርመንኛ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይመረጡ፤ ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ ያሳያቸው፥ እነርሱም ቀኑን ቈጥረው መንገዱን ይንገሩት። ሦስተኛ፥ ለቅድሚያ ክፍያ የሚሆን ትንሽ የመረዳጃ ሣጥን ይቋቋም። እናቶቻችን በዕቁብና በዕድር የሚሠሩትን እኛ ለሕግ ክርክር ልንሠራው አያቅተንም።

ይህን ስናደርግ የአገር ቤቱን መርሳት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2022 ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ፥ ማለትም ከመቶ 3.3 ናቸው። በሚቀጥለው ዓመትም ከመቶ 3.2 ነበሩ። እዚህ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት «ይህ ማስረጃ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ያስገባልን?» ብለው ስለሆነ፥ እዚያ የተዘጋው በር እዚህም ተዘግቶ ይቈያል። ለነዚያ መቶ ሺሆች የዠኔቭም የዙሪክም ዳኛ አይደርስላቸውም። መምህርና መጽሐፍ ሳያገኝ የተፈተነ ልጅ ይግባኝ የሚለው ለማን ነው? ይህን ጥያቄ ማንሣት፥ ሰሚ እስኪያገኝም መደጋገም፥ በሩ የተከፈተልን የኛ ዕዳ ነው።

ለማጠቃለል፥ ይግባኝ ማለት ማጕረምረም አይደለም፤ ባለውለታን መዳፈርም አይደለም። የወሰነው ክፍል ለውሳኔው ምክንያት እንዲሰጥ ማስገደድ ነው። ምክንያቱን ሰምተን እውነት ሆኖ ካገኘነው እንቀበለዋለን፤ በቅሎዋ በፍርድ ሄዳለች። እውነት ካልሆነ ግን ጭብጦዋንም ቢሆን አንተዋትም። ከዛሬ ጀምሮ ደብዳቤ የሚደርሰው ወገናችን ግርጌውን ያንብብ፥ ቀኑን ይቍጠር፥ ብቻውንም አይቀመጥ።

አንድነታችን ይጠንክር!